ከቁስሉ ያለፈ ጠባሳ

የዋጋነሽን አንገት ያቃጠለው የራሷ ካውያ ነው። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ ዛሬም የምትሰፋው እዚያው ነው። ያኔ ሠላሳን ገና መሻገሯ ነበር። ካውያውን አንስታ ዞር ስትል ገመዱ በወንበሩ እግር ተጠለፈና የጋለው ብረት ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ አንገቷን ነካት። የተቃጠለው ቦታ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ቅባት ቀባችው፤ ውሎ አድሮ ደረቀ። ጠባሳው እዚያው ቢቆም ኖሮ እሷም ረስታው ነበር።

ጠባሳው ግን አልቆመም። መጀመሪያ ጠጠረ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ አልፎ እሳት ያልነካውን ቆዳ መያዝ ጀመረ። በዓመታት ውስጥ ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ እስከ ትከሻዋ ወረደ። ሙቀት ሲሆን ያሳክካታል፣ ሲበርድ ይጠዘጥዛታል። አንድ ክሊኒክ ሄዳ አስቆርጣው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሻርፕ ጠመጠመችና ሐኪም ቤት መሄዱን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

በዚያን ጊዜ የምትኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታላቅ ወንድሟ ገሜዳ ቤት ነበር። ገሜዳ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሚስቱ ሕፃኗን ሌሊሴን ጥላበት ስትሞት ዋጋነሽ ገብታ ልጅቷን አሳደገች። ጸጉሯን የሠራች፣ ትምህርት ቤት ያደረሰች፣ ስትታመም አብራት ያደረች እሷ ናት። ሌሊሴ «ዋጊዬ» ትላት ነበር። እናቴ አላለቻትም እንጂ ከእናትና ከልጅ የሚያንስ ነገር በመካከላቸው አልነበረም።

ሌሊሴ አድጋ ተምራ ስትጨርስ ሐዋሳ የሚሠራ አንድ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ሰርጉ ሲቃረብ ገሜዳ ከመንገድ እንደተመለሰ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣ። ዋጋነሽ የሚዜዎቹን ቀሚስ እየሰፋች ስለነበር ስለ ቀሚሶቹ ሊጠይቃት የመጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ቆሞ ጨርቅ እየነካካ ብዙ ቆየ። የልጁ ቤተሰቦች ጥንቁቅ ሰዎች መሆናቸውን፣ ፎቶም ቪዲዮም እንደሚኖር፣ ሰው እንደሚያወራ ነገራት። ወዴት እንደሚሄድ አልገባትም ነበር፤ በግልጽ እስኪናገረው ድረስ።

«አንገትሽን ካዩ በዘራችሁ ምን አለ ብለው ይጠይቃሉ» አላት። «ለሌሊሴ ብለሽ ነው፣ ዋጌ። ያን ቀን ብቻ ቅሪ።»

ዋጋነሽ የጀመረችውን ስፌት ጨረሰች፣ ክሩን በጠሰች፣ ሌላ ጨርቅ አነሳች። ቀሚሶቹን ሁሉ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ላከች። ሰርጉ ሳይደርስ ደግሞ አየር ጤና አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ወጣች። ሌሊሴ የተነገራት አክስቷ ተቀይማ መቅረቷ ነው። ዋጋነሽም አላስተባበለችም። በመጀመሪያ ልጅቷ በሰርጓ ማግስት አባቷን እንድትጠላ አልፈለገችም። በኋላ ደግሞ ጊዜው እየራቀ ሄደና፣ ከየት ተነስታ እንደምታስተባብል ጠፋት።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ሱቅ ውላ ወደ ክፍሏ ትገባለች፤ የቧንቧ ወረፋ ላይ ሰላም ትላለች፤ ሰላም ይሏታል። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ፤ ሁሉም በአውዳመት አንዱ ለአንዱ ሰሃን ይልካል፤ ለእሷም ይልካሉ፤ የሷን ሰሃን ግን ሲመልሱላት ምግቡ ተበልቶ ይሁን ተደፍቶ እርግጠኛ ሆና አታውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ እስከ ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሳታወራ የምትቀርባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሰኞ የመጀመሪያው ደንበኛ ሲገባ ድምጿ ሻክሮ ይወጣና ራሷን ያስደነግጣታል።

ሐኪም ቤት የወሰዳት አንገቷ እንቢ ማለቱ ነው። እብጠቱ ቆዳውን ወደ ታች እየሳበ ስለመጣ ራሷን አዘንብላ መርፌውን ማየት አቃታት። ስፌቷ ጠመመ። አንዲት ደንበኛ የልጇን ሸሚዝ መልሳ ስታመጣላት ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደማትችል ገባት።

ታክሲ ውስጥ ሆና «ዘነበወርቅ ወራጅ» ስትል ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ሻርፑን አየችና እግሯን ሰበሰበች። ዋጋነሽ ይህን ጠብቃው ነበር። በዚያ ሰፈር የቆዳ ሐኪም ቤት ስላለ እዚያ የሚወርድ ሰው ሁሉ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት የሚመስላቸው ሰዎች ዛሬም አሉ።

ሐኪሙ አያት። ኬሎይድ የሚባል መሆኑን፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን እንደሚያብሰው፣ ከተቆረጠ በኋላ በመርፌና በጨረር ካልተያዘ እንደሚመለስ ነገራት። ከዚያ ስለዚሁ ነገር ምርምር የምትሠራ አንዲት ወጣት ልታነጋግራት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። ወጣቷ ጸሎት ትባላለች። ገብታ ሰላም አለቻትና ፈቃድ ጠይቃ እጇን እብጠቱ ላይ አሳረፈች። ጠንካራውንና ለስላሳውን በጣቷ እየለየች እስከ ትከሻዋ ወረደች። ዋጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች። አንገቷን ሰው በባዶ እጁ ከነካው ስንት ዘመኑ እንደሆነ ልታስብ ሞከረችና ተወችው።

«ከእሳት ነው?» አለች ጸሎት።

«ከካውያ። ግን ካውያው የነካው ይቺን ብቻ ነው። ሌላውን ምን እንደነካው አላውቅም።»

ጸሎት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከቆዳ በታች፣ ቆዳውን ደግፈው የሚይዙ ሕዋሶች እንዳሉ አስረዳቻት። ቆዳ ሲቃጠል ወይም ሲቆረጥ በዙሪያው ያሉ ሕዋሶች አንድ ደቃቅ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ ያ ፕሮቲን መልእክት ነው፤ ደጋፊዎቹ ሕዋሶች ጋ ሲደርስ ተባዙ፣ ሥሩ ይላቸዋል። እነሱም ይባዛሉ፣ ክር የመሰለ ነገር እያወጡ ቁስሉን ይሞላሉ። ቁስሉ ሲዘጋ መልእክቱ ይቀንሳል፣ አብዛኞቹም ሥራቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። ጤነኛ ጠባሳ የሚባለው እንዲህ ያለቀው ነው።

«የእርስዎ አላቆሙም» አለች። «መልእክቱ አሁንም እየደረሳቸው ነው።»

«ቁስሉ ከዳነ እኮ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማነው የሚልክላቸው?»

«ራሳቸው ናቸው፣ እትዬ ዋጋነሽ። ይቀበላሉ፣ መልሰው ደግሞ ራሳቸው ይለቃሉ። አጠገባቸው ያለው ሕዋስም ይሰማል። ስለዚህ ነው ያልተቃጠለው ቦታ ድረስ የሄደው።»

ዋጋነሽ ብዙ ዓመት የእግዜር ቁጣ ይሁን የሰው ዓይን ስትል የኖረችበት ነገር በዚህ ቋንቋ ሲነገራት ልቧ አልተቀበለውም፤ ግን ቀለል አላት። ጸሎት የምትሠራውንም ሳትደብቅ ነገረቻት። በቀዶ ጥገና ከሚወጣው ሥጋ ሕዋሶቹን ለይታ በሳህን ታሳድጋለች፤ መልእክቱን ስትጨምርባቸውና ስትከለክላቸው ምን እንደሚሆኑ ታያለች። መልእክቱን የሚዘጋ መድኃኒት ይገኝ ይሆናል፤ ዛሬ ግን የለም፤ ለዋጋነሽም አይደርስላት ይሆናል። ዋጋነሽ ከተቆረጠ በኋላ እንደፈለገች ታድርገው አለቻት።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አለች ጸሎት። «በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ዓይነት ጠባሳ የሌለበት ወንድም ወይም እህት ቢኖርዎት፣ ከሱ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ባገኝ፣ ልዩነቱ የት እንደሆነ ማየት እችላለሁ።»

ዋጋነሽ ወንድም አለኝ አለች። ይመጣል ግን አላለችም።

በሳምንቱ እሑድ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረደች። የሰፈሩ ሱቆች ተለዋውጠው ነበር፤ የገሜዳ በር ግን ያው አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ጡረታ ወጥቷል። ሲከፍትላት ፊቱ ላይ ያለው ጺም ነጭ ሆኗል፣ ትከሻው ጠቧል።

«ማን ሞተ?» አላት።

ማንም አለመሞቱን ነግራው ገባች። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል። ለአንድ ሰው የሚበቃ ምስር በድስት ተቀምጧል። ሌሊሴ አልፎ አልፎ እንደምትደውል፣ ሄቨን የምትባለዋ ልጇ ሦስተኛ ክፍል እንደገባች አወራት። ዋጋነሽ ጥቂት አዳመጠችና የመጣችበትን ነገረችው። ሐኪሙ ያለውን፣ ጸሎት ያለችውን፣ ቁራጯ ቆዳ ከአንድ ጥራጥሬ እንደማትበልጥ አስረዳችው። ስለ ሰርጉ አንድ ቃል አላነሳችም። ስትጨርስ ገሜዳ ተነስቶ በሩን ዘጋና የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

ደረቱ መሀል ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል እብጠት ነበር። ጠርዙ እንደ ጣት ወደ ጎንና ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ የራሷን አንገት በመስታወት ያየች መሰላት።

«ጎረምሳ ሳለሁ እብጠት ነገር ወጥቶብኝ አፈረጥኩት» አላት። «ከዚያ ነው። የሌሊሴ እናት ብቻ ነበረች የምታውቀው።»

ዋጋነሽ በዚያ ቤት ስንት ዓመት ኖራለች። ያለ ሸሚዝ ያየችበትን ቀን ፈለገች፤ የለም። ባኞ ቤት ሲገባ በሩን ይቆልፍ ነበር። ሙቀት ቢሆን ባይሆን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፍ ነበር። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ይመስላት ነበር።

«ያን ጊዜም ነበረህ?» አለችው። «ለሰርጉ ጊዜ?»

«ነበረኝ።»

ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ። ዋጋነሽ ግን ቦርሳዋን አንስታ ነበር። በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ወጣች፤ ቀስ ብላ መለሰችው። ታክሲ ሳትይዝ እስከ አየር ጤና በእግሯ ሄደች፤ ምን እንደምታስብ እሷም አታውቅም። እቤት ስትደርስ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ያስለቀሳት መገፋቷ አልነበረም፤ እሱን ለምዳዋለች። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ሕመም ሲታመሙ፣ ሲያሳክካት እሱም ሲያሳክከው፣ አንድ ቀን እንኳ «እኔም» ሳይላት መኖሩ ነው።

ለጸሎት የሆነውን ነገረቻት፤ ጤነኛ ወንድም እንደሌላት። ጸሎት ማዘኗን አልደበቀችም። ከዚያ ወንድሟ ልጆችና የልጅ ልጆች እንዳሉት ጠየቀች። በሕፃናቱ ላይ የሚደረግ ነገር ካለ፣ ጆሮ መብሳትም ቢሆን፣ ከመደረጉ በፊት ይታሰብበት አለች። ከጆሮ የሚነሳው ብዙ ነው።

ዋጋነሽ ይህን ሰምታ ሱቅ ተመለሰች። ገሜዳ ለሌሊሴ አይነግራትም። እስካሁን ካልነገራት አሁንም አይነግራትም። የሌሊሴ ስልክ ቁጥር ስልኳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ደውላበት አታውቅም። መብራት ጠፍቶ የስፌት መኪናዋ ቆሞ ነበር። የከሰዓቱ ፀሐይ በበሩ ገብቶ የተቆረጠ ግራጫ ጨርቅ ላይ አርፏል። ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ዋጋነሽ ነኝ።»

ዋጋነሽ ስልኩ እንዳይዘጋባት ፈርታ የምትለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለችው። አንገቷ ላይ ያለው ነገር በዘር የሚሄድ መሆኑን፣ እንደማይተላለፍ፣ የልጅቷን ጆሮ እንዳያስበሷት።

«ሰምተሽኛል?»

«ተበስቷል» አለች ሌሊሴ። «አምና ክረምት ነው የተበሳው። ከኋላ በኩል አንድ ነገር አብቅሏል፤ ሽምብራ የምታክል። ክሊኒክ ሲያዩት ከጉትቻው ነው አሉኝ፤ ብናወጣላትም ያድጋል። ያንቺ የእሳት ብቻ መስሎኝ፣ ቤተሰባችን ውስጥ ሌላ አለ ወይ ብዬ አባዬን ጠይቄው ነበር። የለም አለኝ።»

ዋጋነሽ ልጅቷን ይዛ እንድትመጣ፣ ሐኪሙን እንደምታውቀው፣ ገና ትንሽ ከሆነ እንደሚያቆሙት ነገረቻት። ሌሊሴ እሺ አለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ጠየቀቻት።

«ዋጊዬ፣ ከሰርጌ ለምን ቀረሽ?»

«እሱን አባትሽን ጠይቂው» አለቻት።

ሌሊሴ ጠይቃዋለች። ምን ተባብለው እንደሆነ ዋጋነሽ አልሰማችም፤ መስማትም አልፈለገችም። ሌሊሴና ሄቨን በመጡበት ቀን ግን ገሜዳ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ቀድሟቸው ቆሞ ነበር። አራቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሌሊሴ ዋጋነሽን እጇን ይዛት ነበር፤ አባቷን ግን ዞር ብላ አላየችውም። ስም ሲጠራ መጀመሪያ የገባው እሱ ነው። ደረቱን ለማያውቀው ሐኪም ሲከፍት የሸሚዙ ቁልፍ አልፈታ አለው፤ ሌሊሴ ፈታችለት።

ለሄቨን ትንሿ ሽምብራ ላይ መርፌ ተሰጣት፤ ጆሮዋን ጫን አድርጎ የሚይዝ ነገርም ተደረገላት። ለገሜዳም መርፌ ተጀመረለት፤ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ጸሎት ከእብጠቱ መሀል ትንሽ ቁራጭ ወሰደች። የዋጋነሽ ቀዶ ጥገና በሌላ ሳምንት ነበር። ሌሊሴ በልጇ ትምህርት ምክንያት ወደ ሐዋሳ መመለስ ነበረባት። ነርሷ አስታማሚ ማነው ስትል ዋጋነሽ ማንም የለም ልትል ነበር፤ ከኋላዋ ገሜዳ «እኔ ነኝ» አለ።

ከማደንዘዣው ስትነቃ ኮቱን እንደለበሰ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ውኃ ሰጣት። ሾርባ በፔርሙዝ አምጥቶ ነበር፤ ጨው በዝቶበታል፤ ጠጣችው። ይቅር በዪኝ አላለም፤ እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ እንድትመለስ፣ ክፍሏ እንዳለ መሆኑን ነገራት። ዋጋነሽ አስባበት አልመጣም አለችው። ቀና ብሎ አያት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ባዶውን ፔርሙዝ ይዞ ወጣ። በማግስቱም ሾርባ ይዞ መጣ።

ከወር በላይ ካለፈ በኋላ ጸሎት ሕዋሶቹን ታሳያት ዘንድ ጠራቻት። ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ ከሆነ ሳጥን ውስጥ ቀጫጭን የፕላስቲክ ሳህኖች አወጣች። አንዱ የዋጋነሽ ነው፣ አንዱ የገሜዳ፣ ሦስተኛው በሌላ ሕመም ምክንያት ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ እሷ የማታውቀው ሰው። ለሦስቱም ያንኑ መልእክት እኩል ሰጥታቸዋለች። ዋጋነሽ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገች። የማታውቀው ሰው ሕዋሶች ረጃጅም ሆነው ተራርቀው ተኝተዋል፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ። የሷና የገሜዳ ግን ሳህኑን ሞልተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳሉ።

«የትኛው የኔ ነው?» አለች።

ጸሎት ነገረቻት። ዋጋነሽ ሁለቱን እያፈራረቀች ረጅም ጊዜ አየች። ለመለየት አልቻለችም። ከሥጋዋ ተለይተው፣ ቁስል በሌለበት፣ አሁንም ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ይሠራሉ። በሌላ ሳህን ላይ መልእክቱ የሚገባበትን በር የሚዘጋ መድኃኒት የተጨመረባቸው ነበሩ፤ እነሱ ጋብ ብለዋል። ጸሎት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ወዲያው ግን ሳህን ሰው አለመሆኑን አስታወሰቻት። ዋጋነሽ ገብቶኛል አለች።

የአንገቷ ቁስል ዳነ። ራሷን አዘንብላ መርፌውን ታያለች፤ ስፌቷ ተቃንቷል። መስከረም ሊጠባ ሲል የዩኒፎርም ሥራ በዛባትና ቀኖቹ ቶሎ ቶሎ አለፉ። ሥራው ሲቀዘቅዝ ግን አንድ ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። እብጠቱ ሲወጣ ብቸኝነቱም አብሮ የሚወጣ መስሏት ነበር። አልወጣም። የግቢው ሰዎች ያው ሰላም ይሏታል፣ ቅዳሜም ያው ቅዳሜ ነው። በሰዎቹ ብቻ ስታሳብብ ኖራለች እንጂ እሷም ሰው ጋ መሄድ ከረሳች ቆይታለች፤ ለመሄድ ብትነሳም ደጃፉ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ገሜዳ በየሁለት ሳምንቱ ለመርፌ ሲመጣ ሱቁ ጎራ ይላል። ወንበር ትሰጠዋለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራሉ፤ ከዚያ ያልፋል።

በአራተኛው ወር ከጠባሳው ጫፍ አንድ ቦታ ጠጠር አለና ማሳከክ ጀመረ። ሐኪሙ ዳሰሰው፣ መርፌ ወጋላት፣ ሁለት ዓመት ካልሞላ ቆሟል ማለት እንደማይቻል ነገራት።

እሑድ እሑድ ሌሊሴ ትደውላለች። አንዳንዴ ወሬ ይበዛቸዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለፉት ዓመታት በመካከላቸው ገብተው ሁለቱም የሚሉት ያጣሉ። ያን ጊዜ ሌሊሴ ስልኩን ለሄቨን ትሰጣታለች።

«ያንቺ ተመለሰ?» ትላለች ልጅቷ።

«አንዲት ቦታ ጠጠር ብላለች። መርፌ ወጉኝ። ያንቺስ?»

«የኔ አልተመለሰም። እማዬ በየቀኑ ታየዋለች።»

«አንቺም በጣትሽ እየነካሽ እይው። ካሳከከሽ ንገሪያት፣ ዝም እንዳትዪ።»

«እሺ።»

ልጅቷ ቻው ብላ ትዘጋለች። ክፍሉ እንደገና ጸጥ ይላል። ዋጋነሽ ስልኩን እጇ ላይ እንደያዘች ጥቂት ትቆያለች፤ ከውጭ የቧንቧ ወረፋ የያዙ ሴቶች ወሬ ይሰማታል።